ማማን ጉድፍ የያዛቸው ጊዜ

ዐረብ አገር በምሠራበት ቤት ውስጥ የአሠሪዬ የማዳም እናት አብረውን ይኖሩ ነበር። ሁላችንም ማማ ነበር የምንላቸው። ኩላሊታቸው ከተቀየረ ወዲህ፣ ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው መድኃኒት ይውጣሉ። ያ መድኃኒት ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ያዳክመዋል። ሐኪሙ፣ «የታመመ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ አይጠጋቸው» ብሎ አስጠንቅቆናል። ለራሳቸውም ነግሯቸዋል። ማማ ግን የሚሰሙት የፈለጉትን ብቻ ነው።

አንድ ሰሞን የማዳምን ወንድም ትንሿን ልጅ ጉድፍ ያዛት። ማዳም እኛ ቤት ድርሽ እንዳትል አለች። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ጓደኞቼን ልጠይቅ ሐዋሊ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ልጅቷ ማማ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን እያከከች ቴምር ትበላለች።

«ማን አመጣት?»

«እኔ ነኝ ደውዬ ያስመጣኋት። ናፈቀችኝ።»

«ሐኪሙ ያለውን ረሱት?»

«ጉድፍ የልጅ በሽታ ነው። እኔን አሮጊቷን ምን ያደርገኛል?»

ማዳም ስትሰማ ወንድሟን በስልክ ወረደችበት። እሱ፣ «እናቴ ስታዘኝ እምቢ ልበላት?» አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብንላቸው ማማ፣ «ደህና ነኝ» ብለው ካልጋቸው አልነሳም አሉ። ለመንን፣ ተቆጣን፤ ወይ ፍንክች።

ሰንበት ብሎ አተኮሳቸው። ጀርባቸውን ሳጥብ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አየሁ። «ትንኝ ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ፊታቸው ላይ ወጣ፤ ትንፋሽም አጠራቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ሳንባቸው ውስጥ ገብቷል ተባለ፤ ለብቻቸው አስተኟቸው። ማዳም ጉድፍ ወጥቶባት አያውቅም። እኔ ግን በልጅነቴ ስለወጣብኝ አይደግመኝም፤ ማስታመሙ በእኔ ላይ ወደቀ።

መድኃኒቱ በደም ሥራቸው እየገባ እንኳ ጭቅጭቃቸው አላባራም። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ትራሱ ጠነከረ። «ሽፍታውን አይንኩት፣ ይቆስላል» ስላቸው፣ «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ብቻ ዝም አሉ። ኦክስጅኑ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝና አልለቅም አሉ። ያኔ ጭቅጭቃቸው ናፈቀኝ።

በመጨረሻ ተሻላቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ምክሩን ደገመላቸው፤ እሳቸውም እንደ ጨዋ ልጅ «እሺ» አሉ። መኪና ውስጥ ገና በሩ ሳይዘጋ ሾፌሩን፣ «እኅቴ ጋ ጎራ በል፤ ዛሬ የልጅ ልጆቿ ተሰብስበዋል» አሉት።

«ወደ ቤት ንዳ» አልኩት።

ማማ እስከ ቤት ድረስ አኮረፉኝ።