ወርቅ ፍለጋ የሄደ መርዶ

ንጉሤ የሰማውን ነገር ከምሳ እስከ መክሰስ ይዞ አያውቅም። የጭነት መኪናውን ይዞ ኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ለመጫን ተሰልፎ ሲጠብቅ፣ ሳን ሆዜ ማን እንደታጨች፣ ሪችመንድ ማን ቤት እንደገዛ በስልክ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ታዲያ ባለፈው ሐምሌ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ የሚስቱ የሀረገወይን ታላቅ ወንድም ጋሻው አዲስ አበባ መሞቱ ሲነገረው፣ እግዜር የቀለደበት መሰለው።

ጋሻው ለሀረገወይን ወንድም ብቻ አይደለም፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደጋት እሱ ነው። እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ባልም ብቻውን አያወጣውም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ ቤቷ ገብቶ፣ ደግፎ ይዟት ነው የሚነገራት። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ህዝቅያስ ግን ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ የሚሆነው እሁድ ስለሆነ ከዚያ በፊት አይሆንም አሉ።

"እስከዚያ ስልክ ከማይሠራበት ውሰዳት። አንተም አፍህን ያዝ፤ ከቻልክ።"

ዳውኒቪል የተመረጠችው በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን በኩል ተራራ ሥር የተወሸቀች፣ ድሮ ወርቅ ፈላጊ የተራኮተባት ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ሾፌር ጓደኛው እዚያ ስልኩ ሞቶ ሦስት ቀን አርፎ እንደመጣ አውርቶለት ነበር። አርብ ጠዋት ንጉሤ ቬኬሽን እንውጣ አላት። ሀያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። አየት አደረገችውና ሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ አልገባም ብላ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ መኪናው ውስጥ ገባች።

ችግሩ መንገዱ ነው፤ አራት ሰዓት። ሌላ ጊዜ ንጉሤ የቫሌሆን ድልድይ ሳያልፍ ሦስት ሰው አምቶ ይጨርሳል። አሁን ግን የሚጀምረው ወሬ ሁሉ መጨረሻው ለቅሶ ሆነበት። የሳን ሆዜዋ ሰርግ የተራዘመው አጎቷ ሞተው ነው፤ የሪችመንዱ ቤት የተሸጠው ባለቤቱ ሞቶ ነው። ዝም ማለት ይሻላል ብሎ ሳክራሜንቶን ዝም ብሎ አለፈ።

ከተማዋ ደረሱ። ድሮ ወንጀለኛ ይሰቀልበት የነበረው እንጨት ለቱሪስት ቆሟል፤ ንጉሤ እሱን እንዳታይበት በጓሮ አዞራት። ከዚያ ሁለት የወርቅ ማጠቢያ ሳህን ገዝቶ ወንዝ ዳር ወረዱ። ዓይኗን ላለማየት አሸዋውን እንደ ጤፍ ያንጓልል ጀመር። ሀረገወይን ትንሽ አየችውና ሳህኗን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች።

"ከኦክላንድ ጀምሮ ማንንም አላማህም።"

"ደክሞኝ ነው።"

"ማነው የሞተው?"

ንጉሤ ዞር ዞር ብሎ አየ። ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ። ከማዶ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ነጭ አዛውንት ብቻ።

"ጋሻው ነው" አላት።

በሻሿ ፊቷን ሸፍና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ድምፅዋ ግን አልወጣም። አጥማጁ ወርቅ አግኝታ በደስታ የምታለቅስ መስሏቸው አውራ ጣታቸውን አነሱላቸው። ንጉሤም መልሶ አነሳላቸው፤ ምን ያድርግ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ፊቷን በወንዙ ታጠበች፤ እድሩ እሁድ ሊያረዳት መቅጠሩን ሲነግራት፣ ሰዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚመጡ ጠየቀችው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል አላት።

"እንዳትነግራቸው" አለችው። "ያ ሁሉ ሰው እንቅልፉን ትቶ ሲመጣ፣ ባሌ መንገድ ላይ ነግሮኛል ብዬ በር ልከፍትላቸው ነው? አቶ ህዝቅያስስ ምን ይሉሃል?"

ቅዳሜ ቤታቸው ተመለሱ። ሀረገወይን ወለሉን ወለወለች፤ ወንበሮቹን ለእንግዳ ደረደረች፤ ከዚያ የተዘጋጀች እንዳትመስል መልሳ በታተነቻቸው።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ አሥራ አራት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። አቶ ህዝቅያስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገና "ሀረግዬ" ከማለታቸው ጮኸች። ንጉሤ መርዶው ከአፋቸው ሳይወጣ ቸኮለችብን ብሎ በድንጋጤ ክው አለ፤ ግን ማንም ልብ አላለም። ሁለት ሴቶች ወገቧን ያዙ፤ አንዷ አብራት ጮኸች። ሀረገወይን ወንድሟን በስሙ እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች፣ ጎረቤት እስኪነቃ አለቀሰች። ንጉሤ በሩ ሥር ቆሞ ሲያያት ማስመሰል እንዳልሆነ ገባው። ወንዙ ዳር ያለቀሰችው ለካ ሩቡን ነበር፤ የቀረውን የሚይዟት እስኪመጡ አቆይታው ኖሯል።