ሬሳ ያልተገኘለት ሐዘን

ሙዌምባ የተቀደደውን የጎማ ጀልባ ያጥባል፤ ያደርቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ማስቲሽ ቀብቶ ቁራጭ ጎማ ይለጥፍና በመዳፉ ይጫነዋል። በባቶካ ገደል፣ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ጎብኚዎችን አሳፍሮ ይቀዝፍ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ሙዴንዳ ነው። አምና ጀልባው ሲገለበጥ ሁለት እንግዶች አውጥቶ እሱ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘም። በእኛ በገደሉ አፋፍ ሰዎች ዘንድ ሟች ሳይቀበር ከሐዘን ስለማይነሱ ሚስቱ ዛሬም መሬት ላይ ትተኛለች።

ትናንት አንድ እንግዳ አፋፉ ላይ ያለውን የአያቶቻችንን መቃብር ፎቶ እያነሳ ሙዌምባን፣ «የወንድምህስ የታለ?» አለው።

«ጠዋት ስትቦርቅበት የነበረው ውሃ ነዋ፣ ጌታዬ!»

ይህን ለምታነቡትም መልእክት አለው፦ «ከገደሉ በታች ድንኳን ስትተክሉ የሰው አጥንት ብታዩ ወደ ወንዙ አትመልሱት። ድንጋይ ከምሩበትና ሰው ላኩብኝ፤ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።»