ቦራ ሲያዛጋ

ዛሬም ሞጣ ቤቴ ተቀምጬ አንድ ከባድ ነገር ግድግዳ ሲታከክ ከሰማሁ ልጆቼ የት እንዳሉ ሳላይ አልረጋም። የአባቴ ፈረስ ቦራ ጋጣው ውስጥ ቆሞ፣ ግንባሩን ከግድግዳው ተክሎ፣ ዝም ብሎ ሲገፋና ምርጉ ሲፈረፈር፣ ያኔ ነው ቤታችን ክፉ ነገር እንደገባበት ልጅ ሆኜ የገባኝ።

ቤታችን ከቢቸና ብዙ የማይርቅ ክብ ጎጆ ነበር፤ ጋጣው ከውስጥ ሆኖ ከመኝታችን የሚለየው የእንጨት ርብራብ ብቻ ነበር። ቦራ በስሙ ሲጠሩት የሚመጣ የዋህ ፈረስ ነበር። በበጋ ሣር ሲያልቅ ከብቱ የሚተወውን ባለ ቢጫ አበባ አረም ይነጭ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም። ሰኔ ሲገባ ከሳ፤ ክረምቱ ሲጠና ማዛጋት ጀመረ። ቆሞ ያዛጋል፣ ሣሩን በአፉ እንደያዘ መዋጡን ይረሳል።

እናቴ ቡዳ በልቶታል አለች። በእኛ አገር ደጋግሞ የሚያዛጋ ሰው ተበልቷል፣ ሲታጠን የበላውን ስም ይለፈልፋል ይባል ነበር። አባቴ የእንስሳት ሐኪም ሊያመጣ ወደ ቢቸና ሲነሳ ሳቀባት።

«ፈረስ ደግሞ ስም ይጠራልኛል ብለሽ ነው?»

«አንቱ ብቻ ይሂዱ፣ የኔን ለኔ ይተዉት» አለችው።

እሱ ሲወጣ ገል ላይ ፍም አድርጋ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ጨምራ፣ ጢሱን ወደ ቦራ አፍንጫ እያራገበች «ማነው የበላህ? ተናገር» ትለው ጀመር። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዣለሁ። ቦራ ተንቀጠቀጠ፣ ገመዱን በጥሶ፣ ርብራቡን ጥሶ ወጣና ምሰሶውን መዞር ጀመረ። ዓይኑ ፈጧል ግን አያይም፤ ምድጃውን ረግጦ፣ እንስራውን ሰብሮ፣ እንደ ውቂያ ከብት ይዞራል። እኛ ግድግዳው ላይ ተለጥፈናል፣ በሩ ከወዲያ ማዶ ነው። ባለፈ ቁጥር ጎኑ እናቴን ሲጨፈልቃት ትንፋሿ አናቴ ላይ ሲቆም ይሰማኝ ነበር፤ አንዴ ብትወድቅ ሁለታችንም ከኮቴው ሥር ነን።

አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ «ልጄ፣ ጭራው ሲያልፍ እንከተለዋለን። እንዳትቀድሚው» አለችኝ።

ጭራው ሲያልፍ ወጣን፣ ከኋላ ከኋላው እየተራመድን፣ እሱ ሲዘገይ እየዘገየን፣ ግማሽ ዙር አብረነው ዞርንና በሩ ጋ ስንደርስ ወደ ዝናቡ ወጣን።

አባቴና ሐኪሙ የደረሱት ኋላ ነው። ሐኪሙ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር፣ ቦራን አይቶ ጉበቱ ነው አለ። እናቴ ተቆጣች።

«ጉበት ሆድ ውስጥ አይደል እንዴ፣ ራሱን ምን አገባው?»

አረሙ ጉበቱን ገድሎት፣ ጉበቱ ማጣራት ያቃተው መርዝ በደሙ ወደ አንጎሉ ወጥቶ እንዳሳበደው አስረዳት፤ የሚደረግለት ነገር እንደሌለም አልደበቀንም። ቦራ በማግስቱ ሞተ፤ እናቴ እንደ ሰው አለቀሰችለት።

ዛሬ ስልክ አለ፣ ሐኪሙም ተደውሎለት በሞተር ይመጣል። እኔ ግን የእናቴ ግማሽ ድፍረት የለኝም፣ ልጄን ይዤ ከዕውር ፈረስ ኋላ መራመዴን እንጃ። ያን ቀን ግን ደጅ ቆመን፣ ዝናቡ እየመታን፣ ክንዴንና እግሬን ደባበሰችና «ወጥተናል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ድነናል።