ስሜ ያልሰፈረበት ካርድ

ሲስተር ይርገዱ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ቁስቋም ባለው ቤታቸው አርፈዋል። በቀብራቸው ዕለት ብዙ ሰው ስለ ደግነታቸው ተናገረ። እኔም እንድናገር ተጠርቼ ነበር፤ ግን ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። እዚያ ያቃተኝን ለምታውቋቸው ሁሉ በጽሑፍ እነግራችኋለሁ።

በደርግ ጊዜ ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት እሳቸው በሚመሩት የሆስፒታል የሴቶች ክፍል ነበር። ቀጭን፣ ፈጣንና ቁጡ ነበሩ። ያነጠፍነውን አንሶላ በጣታቸው ዳስሰው እንደገና ያስነጥፉን ነበር። ጠያቂ የሌላት የገጠር ሴት ስትተኛ ደግሞ ከቤታቸው ምሳ አስመጥተው «ዘመዶችሽ ላኩልሽ» ይሏታል። ውሸታቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አላጋለጣቸውም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ታንጉት የሚባሉ እመቤት ከአይከል መጥተው ተኙ። ባለቤታቸው በአውራጃው የሚፈራ ሹም ነበር፤ በሽተኛ ሲጠይቅ እንኳ ሽጉጡን አይፈታም። ወይዘሮዋን የሐሞት ጠጠር ያሠቃያቸዋል፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ወፍረው ስለነበር ከአልጋ ሲነሡ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪሙ «ክብደታቸው ካልቀነሰ ማደንዘዣውን አልደፍርም» አለ። ሲስተር ይርገዱ ያኔ ሥልጠና ላይ የተማሩትን ዘዴ አመጡ። ቁርስና እራት ይቀርና በቦታው ቅባቱ ከወጣለት የዱቄት ወተትና ከሽምብራ ዱቄት የተመጠነ መጠጥ ይሰጣል፤ ቀን ላይ ብቻ ጎመንና ምስር በግማሽ እንጀራ ይበላል። ይህን ነግረውኝ ለክትባት ሥራ ወደ አዲ አርቃይ ወረዱ።

የአልጋውን ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳይሰጥ ስማር ስለኖርኩ፣ መጠጡንም እንደ መድኃኒት ቆጥሬ «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኩባያ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። የነርሷ ስም የሚሞላበትን ቦታ በችኮላ አለፍኩት። ወይዘሮ ታንጉት ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ጠያቂ በየሰሃኑ ያመጣውን ይበሉና ኩባያውን ጭልጥ ያደርጉታል። «ሸጋ መድኃኒት ነው ልጄ፣ ምግቤን አረጋልኝ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሲስተር ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ወይዘሮዋን በባለቤታቸው ፊት መዘንናቸው። ሦስት ኪሎ ጨምረዋል።

ሹሙ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየው። «ልትገድሏት ነው? ይሄ አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸ። በዚያን ጊዜ በዚህች ቃል ሰው ይወሰድ ነበር፤ ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ሲስተር ይርገዱ ካርዱን ከአልጋው ራስጌ አንሥተው አነበቡ። ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ማነው ያዘዘው?» አለ ሹሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በደንብ ሳላስረዳ ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ» አላቸው፣ እናቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብሎ። «ካልቀነሰች መልሱን የምትሰጪው ሌላ ቦታ ነው።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሲስተር ራሳቸው በር ላይ እየቆሙ ጠያቂዎችን «ምግቡን መልሱት፣ ጨዋታ ግን አምጡላት» ይሏቸው ጀመር። የተቀየሙ ብዙ ነበሩ። ወይዘሮ ታንጉት ደግሞ «ምነው እቴ፣ ሰው እያየኝ ብቻዬን ልቅመስ? ነውር አይደለም?» ብለው ኩባያውን ገፉት። ስለዚህ ሲስተር ይርገዱ አብረዋቸው ይጠጡ ጀመር። ጠዋትም ማታም ኩባያ ለኩባያ፤ እሳቸውም ቁርስና እራታቸውን ትተው። ድሮም ሥጋ ያልነበራቸው ሴትዮ፣ ጋውናቸው ሰፋባቸው። ግቢው ውስጥ ማኪና በቆመ ቁጥር ሊወስዷቸው የመጡ እየመሰለኝ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ። ጥፋቴን ልናገር ስንቴ ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ ከበር ተመለስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሹሙ መጥቶ ሚዛኑ አጠገብ ቆመ። ወይዘሮዋ ወጡበት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አነበበና «አሁን እደፍራለሁ» አለ። ሹሙ ሲስተርን ሳያይ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ወይዘሮ ታንጉት ቀዶ ሕክምናው ሰምሮላቸው በእግራቸው ከክፍሉ ወጥተው ወደ አይከል ተሳፈሩ።

በዚያን ዕለት ሲስተር ይርገዱ ወደ አንሶላ ክፍሉ ጠሩኝና ካርዱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ሌላ ጊዜ ‹በምግብ ምትክ› ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። አልቅሼ ለምን እንዳላጋለጡኝ ጠየቅኋቸው። «ብትታሰሪ ይህን ትምህርት የት ትማሪው ነበር? ሂጂ፣ አልጋ ሰባት አልተነጠፈም።» ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም።

ሲስተር ይርገዱ፣ በሕይወት ሳሉ ይህን በሰው ፊት መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። እርስዎ ስለ እኔ ሦስት ሳምንት ሞትን ሲጠብቁ እኔ አንዲት ቃል ነፈግሁዎት። ካርዱ አሁን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል። ዛሬ ጠዋት ያን ባዶ ቦታ ሞላሁት። «ከምግብ በኋላ» ብለው ያዘዙት እርስዎ አልነበሩም። ይረፉ እንግዲህ እናቴ፤ ስሜን ጽፌበታለሁ።