ሳያይ «ደህና» ይል የነበረው ፕሮግራም

ዙሃራን ቁልፍ ለምኖ በቀላሉ ያገኘ ሰው አላውቅም። «ለየትኛው በር? ለስንት ደቂቃ?» ትላለች። የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ አባቷ ከልኬት በላይ አንድ ጣት ጨርቅ አይቆርጡም፣ እሷም እንደዚያው። ልደታ ያለው ኮሌጃችን የሰርቨር ባለሙያ አድርጎ ሲቀጥራት እኔ ጠጅቱ ሬጅስትራር ቢሮ ነበርኩ። የአሥራ አንድ ሺህ ተማሪ ውጤት እሷ በምትጠብቀው ማሽን ላይ ነው።

በየጠዋቱ ቢሮዋ በር ላይ ቆሜ «ዲስኮቹ እንዴት አደሩ?» እላታለሁ። ውጤቱ የተጻፈባቸው ዲስኮች አምስት ናቸው፤ ተደጋግፈው ይሠራሉ። አንዱ ቢሞት አራቱ ይሸከማሉ፣ ሁለተኛ ከሞተ ግን ውጤቱ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። እሷም ራሷ የጻፈችው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት አይታ «ደህና ናቸው» ትለኛለች።

ግንቦት 2003 ማቀዝቀዣ ሊጠገን ወራት ተቆልፎ የቆየው የሰርቨሩ ክፍል ተከፈተ፤ አብሬያት ገባሁ። ሦስተኛው ዲስክ ላይ ቀይ መብራት በርቷል! ጠዋት ቢሮዋ ያየነው ስክሪን ግን አረንጓዴ ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ። ዙሃራማ ግድግዳውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ምክንያቱን ስታገኘው ደግሞ ባሰባት። የዲስኮቹን ሁኔታ ማየት የሚፈቀደው በዋናው አስተዳዳሪ ስም ለገባ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በተራ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ በየሰዓቱ ይጠይቃል፣ በየሰዓቱ ይከለከላል። እሷ ደግሞ ስትጽፈው «ብልሽት ካልተነገረህ ደህና በል» ብላዋለች። እኛስ ብንሆን? እያመመንም «ደህና፣ ይመስገን» አይደል የምንለው!

አለቃችን ጋሽ ጴጥሮስ እያለከለኩ መጡ። «ለፕሮግራሙ ሙሉ ሥልጣን ስጪውና እንገላገል!»

«አይሆንም ጋሼ። ፕሮግራሙ ቢሳሳት፣ ወይ ክፉ ሰው እጅ ቢገባ፣ ሁሉንም ያጠፋዋል። ሁኔታውን የምታሳየዋን አንዷን ትእዛዝ ብቻ ነው የምፈቅድለት። ማየት እንጂ መንካት የለም።»

ያቺን አንድ የፈቃድ መስመር ጻፈች። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ ሦስተኛው ዲስክ ከሞተ ሰባት ወሩ፣ አምስተኛው እየደከመ። ሰባት ወር! መጠባበቂያ ቅጂውም እዚያው ዲስኮች ላይ መሆኑን ስትነግረን ጋሽ ጴጥሮስ አማተቡ።

መጀመሪያ ውጤቱን ወደ ውጪ ዲስክ ገለበጠች፤ ከዚያ የሞተውን ቀየረች። አምስተኛውም ተራው ደርሶ እስኪቀየር እንደምንም ታገሠን። ፕሮግራሙንም አረመችው፤ ከተከለከለ አሁን «አላየሁም» ይላል።

በማግስቱ እንደ ልማዴ በሯ ላይ ቆሜ «እንዴት አደሩ?» አልኳት። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ዙሃራ ግን ተነሥታ የክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ገብተሽ እዪያቸው፣ ጠጅዬ» አለችኝ። ለስንት ደቂቃ ብላ አልጠየቀችኝም።