ለመሣሪያው ድምፅ ፍለጋ

«እውነተኛው ድምፅ ካልገባበት አዳራሼን አልሰጥም» አሉኝ አቶ ታደሰ፣ የወልድያው ቪዲዮ ቤት ባለቤት። ከተማው ሲደበደብ የቀዱትን የከባድ መሣሪያ ጩኸት ከስልካቸው ለሦስተኛ ጊዜ አሰሙኝ።

ቅዳሜ የምናሳየው የአራት ደቂቃ አኒሜሽን ነው፤ ሥዕሉ የጓደኛዬ የሰይድ፣ ቃሉ የእኔ። ጄኔራሎች ጦርነቱን ብቻውን ይጨርሳል የተባለ አዲስ መሣሪያ ይሞክራሉ። በተጨበጨበለት ቁጥር ያብጣል። መጀመሪያ የሚመታው የክብር መድረኩን ነው። በመጨረሻ ማሽላ ላይ ሲወርድ አንድ ገበሬ ከወፎቹ ጋር በወንጭፍ ያባርረዋል። የጎደለው የመሣሪያው ድምፅ ብቻ ነው።

«ቅዳሜ የሚመጣው ያንን ድምፅ አልጋ ሥር ሆኖ የሰማ ሰው ነው» አልኳቸው። «ሌላ ድምፅ ከመርሳ አመጣለሁ።»

ጠዋት፣ መነኻሪያ

ግንባሩ ራቅ ቢልም ጦርነቱ አላለቀም። የሚኒባሱ ረዳት በዚያው አሳቦ ታሪፉን እጥፍ አደረገብን። ኬላው ላይ ወርደን ስንፈተሽ አንዱ ፈታሽ ማይክሮፎኔን አገላብጦ አየው። ድምፅ ፍለጋ እንደምሄድ ነገርኩት።

«ሰሞኑን ድምፅ መች ጠፋ» አለና ማይክሮፎኑን መለሰልኝ።

መርሳ

የአክስቴን ባል ጋሼ እንድሪስን ያገኘኋቸው ማሽላቸው መሀል፣ ወፍ የሚጠብቁበት ማማ ላይ ነው። ጥንቅሽ ልጠው ሰጡኝ። ሐሳቤ የወንጭፋቸውን ጩኸት ቀድቼ ለመሣሪያው ልሰጠው ነበር። እምቢ አሉ።

«እኔ እህል የማድነው በዚህ ነው። ለገበሬው ስጠው እንጂ ለዚያ እንዳትሰጥብኝ።»

«ታዲያ ለመሣሪያው ምን ልስጠው?»

በድብደባው ሰሞን ሸለቆ ውስጥ ተሸሽገው ነበር። የከባድ መሣሪያው ተኩስ በላያቸው ባለፈ ቁጥር፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዳያለቅሱ እንደ አህያ ያናፉ እንደነበር አወሩኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጆቹ የመሣሪያውን ድምፅ ራሱን ሲሰሙ መሳቅ ጀመሩ። ማይክሮፎኑን አስጠጋሁ። ጉሮሯቸውን ጠርገው አናፉ። በሚቀጥለው ማማ ያለው ጎረቤታቸው ሸይጧን አይቶ ያናፋ እውነተኛ አህያ መስሎት፣ ከሸይጧኑ ለመጠበቅ «አዑዙ ቢላህ» አለ። እሱንም ቀዳሁት።

ማታ፣ ወልድያ

ሰይድ ድምፁን አስገባው። መሣሪያው አብጦ አብጦ አፉን ሲከፍት አናፋ። የአቶ ታደሰ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወዲያው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ሕዝቡ ይስቃል። በጦርነት አይሳቅም። አዳራሹን እርሱት።»

«የሚስቀው በመሣሪያው ነው፤ ሲያስፈራራው ከርሟል» አልኳቸው። «ቅዳሜ መርሳ፣ በጋሼ እንድሪስ ቤት ነጭ ግድግዳ ላይ እናሳየዋለን።»

መርሳ ስሄድ አስፈሪውን ድምፅ በባሰ ድምፅ መብለጥ ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ግን አሳነሱት።

ላፕቶፑን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ቆሜ የላፕቶፑን ገመድ ስጠቀልል፣ አቶ ታደሰ ከውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያናፉ ሰማሁ።