አፍንጫዬ የተዘጋ ጊዜ

ጦርነቱ መንገዱን በዘጋበት ሰሞን፣ መርሳ ላይ፣ እኔን ራስ ምታት ይዞኝ ነበር። ከዓይኔ ሥር ይወቅረኛል፤ ሳጎነብስ ግንባሬ ይከብደኛል። አፍንጫዬ ከተዘጋ ወር አልፎታል።

በእኛ አገር ለራስ ምታት ሐኪም የማይሆን የለም። አንዷ ምች ነው ትላለች። ሌላው ሳይነስ ነው፣ ስንሸሽ ሜዳ ያደርንበት ብርድ ነው ያመጣው ይላል። መብራት ከጠፋ ወዲህ በእንጨት ስለምናበስል በጢሱ ያመካኙም ነበሩ። ዳማከሴ አሽቼ ባሸተው ምንም አልሸተተኝም። ቅጠሉ ደርቋል ብዬ ጣልኩት፤ ሞኝ ነበርኩ።

ከሽሽቱ ተመልሰን ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባ ስኳር አለባቸው። ስንሸሽ ጫማቸው የላጠው እግር አልድን ብሎ ቆሰለ፤ መድኃኒታቸውም አልቋል። በየጠዋቱ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥቤ በነጠላ ቅዳጅ አስርላቸዋለሁ። ቁስሉ እየጠቆረ ሲሄድ እየደረቀ መሰለኝ።

"ያምዎታል?" ስላቸው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አሁንስ ምንም አይሰማኝ" ይሉኛል። ሲሪንቃ አንድ ነርስ እንዳለ ሰምቼ ነበር። እየዳኑ ነው ብዬ በቃሬዛ ማንከራተቱን ተውኩት።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው መጣች። ገና ደጃፉ ላይ ሻሿን ወደ አፍንጫዋ ሳበች።

"አንቺ ልጅ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ይህን ሽታ እንዴት ቻልሽው?"

"የምን ሽታ?" አልኳት።

በዓይኗ ወደ አባባ እግር ጠቆመችኝ። ያኔ ገባኝ። ሲሪንቃ ሰው ብልክ ነርሱ ሄዷል አሉኝ።

መንገዱ ሲከፈት ደሴ ወሰድኳቸው፤ እግራቸውን ከጉልበታቸው በላይ ቆረጡት። ሐኪሙ ቀደም ብትሉ ኖሮ ጣት ብቻ ነበር የሚሄደው አለኝ። የራሴንም ነገርኩት። ፊቴን ጫን ጫን አድርጎ፣ "ጢስም አቧራም አለርጂም ሊሆን ይችላል፤ የላይኛው ጥርስም አንዳንዴ ያመጣዋል" አለ። የትኛውም ቢሆን ግድ አልሰጠኝም። አላለቀስኩም፤ በዚያ ሰሞን ልቅሶ አይመጣልኝም ነበር።

አባባ ዛሬም ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ያንኑ ያወራሉ። "ይህችን ልጅ አላህ ይውደዳት። እኔ የራሴን ሽታ መቻል አቅቶኝ፣ እሷ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላዞረችብኝም።"

ሰዉ ይመርቀኛል። እኔም አሚን እላለሁ።